ለጋሽ ታደሰ ያልነገርናቸው

ባለፈው የካቲት ልጄ ማርታ ከሥራዋ ስትመለስ ትልቅ ካርቶን ተሸክማ ገባች። ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ስለምበላው ነገር ከሐኪሜ ይልቅ የምትጨነቀው እሷ ናት። ካርቶኑን ቀድዳ ፊቱ ላይ ቁልፎች የተደረደሩበት አብረቅራቂ የኤሌክትሪክ ድስት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጎለተችው።

«ዳዲ፣ ፕሬሸር ኩከር ነው። ምስር በቴን ሚኒትስ ያበስልልሃል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኤቭሪቲንግ» አለችኝ።

እኔ ከጠረጴዛው ተነስቼ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ኢትስ ሴፍ፣ ዳዲ። ራሱ ይዘጋል፣ ራሱ ያስተነፍሳል። ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ወገቤን ትንሽ ያዝ አደረገኝ» አልኳት።

ወገቤን አልያዘኝም ነበር። ለእናቷም ያልነገርኳት ነገር ነበር፤ ማርታም ጠይቃኝ አታውቅም። ለአንዲት ሴት ብቻ ነግሬያለሁ፤ እሱም ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዴንቨር ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ በነበረ ያረጀ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ፣ ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ጋ ሳሎን ሶፋ ላይ አድራለሁ። ጋሽ ታደሰ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። እኔ ሳልወለድ ሁለቱ ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ አባቴ አማርኛ፣ ጋሽ ታደሰ ፊዚክስ። አባቴ በኋላ ናዝሬት ተዛውሮ እኔ እዚያ ተወለድኩ። ወደ አሜሪካ ስመጣ የያዝኩት አድራሻ የሳቸውን ብቻ ነበር።

ልጅ የላቸውም። እሳቸው መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ጎጆ ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ። እሷ ሌክውድ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጣቢ ናት፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሄዳ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመለሳለች። እሳቸውን እርስዎ እላለሁ። እሷን ግን በመጣሁ በሳምንቴ «አንቺ በለኝ፣ አታስረጀኝ» ብላ ስለተቆጣችኝ እንደ ታላቅ እህቴ አንቺ እላታለሁ።

ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ቤታቸውም ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። እትዬ ብርሃኔ ስለ ዜና አንድ ነገር ከተናገረች ያርሟታል፤ የእንግሊዝኛ ቃል ከተሳሳተች ደግማ እንድትለው ያደርጋሉ። ራት ላይ መጽሐፍ ከፊታቸው አይጠፋም። ኮሎራዶ ውስጥ ለማስተማር የሚያስፈልገውን ፈተና ሊወስዱ ያጠኑ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥንተዋል። በዚያች መስታወት ጎጆ ውስጥ የሚቀመጡት ለጊዜው እንደሆነ አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። እኔም አልተጠራጠርኩም። ሰውየው ስለ ውሃ መፍላት እንኳ ሲያወሩ ጉንጫቸው ይቀላ ነበር።

በመከር፣ የኮልፋክስ ዛፎች ቢጫ ሲሆኑ፣ ካንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ በእንፋሎት ግፊት ቶሎ የሚያበስል፣ ፕሬዠር የሚሉትን ድስት ገዝተው መጡ። ከባድ የአሉሚኒየም ድስት ነው። ክዳኑ ተጠምዝዞ ይቆለፋል። ክዳኑ መሐል ላይ ቀጭን ማስተንፈሻ አለ፤ በላዩም እንደ ጣት ጫፍ የምታህል ክብደት ትቀመጣለች። ጠርዙ ጋ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በጎማ ውታፍ ተደፍናለች።

«ይሄ ነገር ቦንብ ነው» አለች እትዬ ብርሃኔ። «ቤቴ አይገባም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ቁጭ በይና ስሚ» አሏት።

ተቀመጥን። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ለንደን ተቀምጦ ይህን ድስት እንዴት እንደሠራው ነገሩን። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ገጥሞ ሲዘጋው ውሃው ከሚፈላበት በላይ ይግላል፤ አጥንት እንኳ እንደ አይብ ይለሰልሳል። ግን የመጀመሪያዎቹ እየፈነዱ አስቸገሩት። በዚህ ጊዜ ክዳኑን በስቶ፣ ቀዳዳው ላይ በክብደት የተያዘ ማስተንፈሻ አኖረበት። እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ ክብደቱን አንስቶ ይወጣል።

«አያችሁ፣ ድስትማ ድሮም ነበር» አሉ ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን አንስተው። «ሰውየው የፈለሰፈው ማስተንፈሻውን ነው። ኋላ የእንፋሎት ሞተር የሠሩት ሁሉ ያንን ነው የወረሱት።»

ከዚያ የለንደንን ሊቃውንት ጠርቶ በዚሁ ድስት የበሰለ ራት አበላቸው። በሉ፣ አመሰገኑት፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሱ በስተርጅና ደህይቶ ሞተ። የተቀበረበትንም ለብዙ ዘመን ያወቀ አልነበረም። ጋሽ ታደሰ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በአገራቸው ያከበራቸው ትምህርት እዚህ ከቲኬት ቆራጭነት እንዳላዳናቸው እያሰቡ ይሆን ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ወዲያው ወደ ታሪኩ ተመለሱ። ድስቱ ብዙ ዘመን የፋብሪካ ዕቃ ሆኖ ቆይቶ ወደ ቤት ኩሽና ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁሉም ሠሪ ሆነና በደካማ ብረት የተሠራ ድስት ገበያውን ሞላው። ፈነዳ፤ ሰው አቃጠለ፤ ሴቶች ፈሩት። ይህቺ የጎማ ውታፍ ያለችው ለዚያ ነው አሉ። ማስተንፈሻው ቢደፈን እሷ ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ እንፋሎቱም በዚያ ያመልጣል።

«ከፈነዳ ድስት ሁሉ ጀርባ አንድ ቸልተኛ ሰው አለ» ብለው ጨረሱ።

እትዬ ብርሃኔ ተነስታ ሳህኗን አጠበች።

እውነቱን ለመናገር ድስቱ ቤታችንን ለወጠው። የዴንቨር ሰው ከፍታውን እያማረረ ነው የሚኖረው፤ ጋሽ ታደሰ «ደሴ ከዚህ ትበልጣለች፣ ውሃ ቶሎ ፈልቶ ባቄላ አልበስል የሚለው እኛ ጋ ነው» ይሉ ነበር። ወደ እኔ ዞረውም «አንተ የናዝሬት ልጅ ስለሆንክ ልዩነቱ አይታወቅህም» እያሉ ይስቁብኛል። አገር ቤት ባቄላ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ቢውል የሚጠብቀው ሰው አለ። እኛ ቤት ሦስታችንም ሠራተኞች ነን። ፕሬዠሩ በግማሽ ሰዓት ሽምብራውን ቅቤ ያስመስለው ነበር። እትዬ ብርሃኔም ቦንብ እያለች ትበላለች።

ኅዳር ላይ፣ የገና ጾም ሊገባ ሲል፣ ጋሽ ታደሰ ውታፉን አዩት። ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«በዚህ አናበስልም። አዲስ ገዝተህ ና» ብለው አሮጌዋን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

በማግስቱ ኮልፋክስ ላይ ያለ አንድ የዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አየት አድርጎ ማዘዝ አለብህ፣ ሁለት ሳምንት ይወስዳል አለኝ። አላዘዝኩም። ለምን አላዘዝኩም? ጾሙ በነጋታው ይገባል። ሁለት ሳምንት ፓስታ መብላት ታየኝ። ከዚያም በላይ፣ ሄጄ ባዶ እጄን መመለስና «ለምን አላዘዝክም፣ ለምን ሌላ ሱቅ አልሞከርክም» መባሉን ፈራሁ። እሠራ የነበረው የመኪና ጎማ መጠገኛ ቤት ነው። ቀዳዳዋን ልክ የምትገጥም አንዲት አጭር ብሎን አገኘሁ። ከውስጥ በኩል ዳዶዋን አጠበቅኩባት፤ ከላይ ጥቁር ጎማ ክብ አድርጌ ቆርጬ በማጣበቂያ አለበስኳት። ስጨርስ አሮጌዋን ከአዲሷ መለየት አይቻልም ነበር። በእጄ ሥራ ኮራሁ እንኳ።

ጋሽ ታደሰ በአውራ ጣታቸው ተጫኗት። «ጠንከር ብላለች፤ ጎበዝ» አሉኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ክፋት አልነበረበትም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልጠቀመኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥላል፤ መስኮቱ ላብ አውጥቷል። ጋሽ ታደሰ ጠረጴዛው ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ያጠናሉ። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። እትዬ ብርሃኔ ሽንኩርት ትከትፋለች። በማግስቱ እንግዳ ስለነበረብን ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ድስቱን ከወትሮው አብልጠው ሽምብራ ሞልተውታል። ክብደቷ እየተወዛወዘች ትስ፣ ትስ፣ ትስ ትላለች። ያ ድምፅ ለምደነዋል፤ እንደ ሰዓት ድምፅ ነበር።

ቆመ።

«ዝም አለ እኮ» አለች እትዬ ብርሃኔ።

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ከደብተሩ ሳያነሱ «እሳቱ በዝቶበት ነው፤ ቀንሺው» አሏት።

እኔ ቀና አልኩ። አንድ የሽምብራ ገለፈት ማስተንፈሻው ውስጥ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ገባኝ። ውታፏ አሁን ተስፈንጥራ መውጣት ነበረባት። እንደማትወጣም አውቃለሁ፤ ያጠበቅኳት እኔ ነኝ። «ተይው፣ አትጠጊው» ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን «ለምን?» ብትለኝ ምን እላለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያ ሐሳብ የፈጀው ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

የዚያ ቤት ስቶቭ ማብሪያው ከኋላ ነው። እሳቱን ለመቀነስ ከድስቱ በላይ እጅን መዘርጋት ግድ ነው። እትዬ ብርሃኔ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ድምፁን አልገልጸውም። ክዳኑ ኮርኒሱን መትቶ መሬት ላይ ሲሽከረከር አይቻለሁ። ሽምብራው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ጸጉሯ ላይ ነበር። ጋሽ ታደሰ ወንበራቸውን ገልብጠው ሲነሱ መነጽራቸው ወደቀ፤ ረግጠውት አለፉ። ከቀኝ እጇ ጣቶች ጀምሮ ክንዷ፣ አንገቷና ጉንጯ ተቃጥሎ ነበር። አልጮኸችም። «ዓይኔ አለ? ታደሰ፣ ዓይኔ አለ?» ብቻ ትላለች።

«አለ፣ ብርሃኔ፣ አለ» ይሏታል እያለቀሱ። በስሟ ሲጠሯት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አምቡላንሱ ሁለቱን ይዞ ሄደ። እኔ ቤቱን እንዳጸዳ ቀረሁ። ግድግዳውን ከማጠቤ በፊት፣ መሬቱን ከመጥረጌ በፊት፣ ክዳኑን አነሳሁ። ብሎኗ ከነጎማዋ እንደተቀመጠች ነበረች፤ ምንም አልሆነችም። ክዳኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ በበረዶው ሦስት ሕንፃ አልፌ ሄድኩና የሌላ ግቢ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት።

ጋሽ ታደሰ በማግስቱ ልብስ ሊቀይሩ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ክዳኑስ?» ብለው ነው።

«የግቢው ጥገና ሠራተኛ ጠራርጎ ወሰደው» አልኳቸው።

«ማየት ነበረብኝ» አሉ። «ውታፏ ለምን እንዳልወጣች ማየት ነበረብኝ።» ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ሽምብራ ከግማሽ ማለፍ የለበትም። አውቃለሁ። ሳስተምር ኖሬ፣ አውቃለሁ። ቀንሺውም ያልኳት እኔ ነኝ።»

እትዬ ብርሃኔ ሆስፒታል አምስት ሳምንት ተኛች። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ክንዷ ላይ ለጠፉላት። ዓይኗ ተረፈ። ጉንጯ ላይ የቀረው ጠባሳ እየደበዘዘ ሄደ፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱን ተወች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ቤት የጠበቃት ሌላ ሰው ነበር። ጋሽ ታደሰ ቁስሏን ያጥባሉ፤ ፋሻ ይቀይራሉ። ጸጉሯን ማበጠር ተማሩ፤ መጎንጎን ሞክረው ሲያቅታቸው እንደ ልጅ ያፍራሉ። ራት ላይ መጽሐፍ የለም። ስታወራ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ብትሳሳት አያርሟትም። ባቄላውን በተራ ድስት ጠዋት ጥደው፣ አጠገቡ ተቀምጠው እስኪበስል ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የፈተና መጻሕፍታቸውንና ደብተሮቻቸውን በካርቶን አድርገው ወደ ውጭ ሲያወጡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ፈተናው ሊደርስ አይደል እንዴ?» አልኩ።

«አንድ ድስት መጠበቅ ያቃተው ሰው የሰው ልጆችን ላስተምር ብሎ ፊታቸው አይቆምም» አሉኝ። ካርቶኑን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። «የራሴን ጥፋት ራሴ ልሸከም» አሉ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እነግራቸዋለሁ እያልኩ እነሳለሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ይጠፋብኛል። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ለእሷ ልናገር ብዬ ወሰንኩ። የተቃጠለችው እሷ ናት።

መጋቢት ነበር። ጋሽ ታደሰ ሥራ ስለነበራቸው ወደ ሐኪም ቀጠሮዋ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ከመንገዱ ዳር የቆሸሸ በረዶ እየቀለጠ ይፈሳል። ሁሉንም ነገርኳት። ሱቁን፣ ብሎኗን፣ ጎማውን፣ ክዳኑን። አፌን ከፍቼ ዝም ማለቴንም ነገርኳት።

ሦስት ፌርማታ አለፍን። የታጠፉ ጣቶቿን በግራ እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ታይ ነበር።

«ለሱ ነግረኸዋል?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።»

«ተወው።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «እትዬ፣ ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ ማወቅ አለባቸው እኮ።»

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። «አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረናል» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ቀን ደከመሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ጫማዬን ያስርልኛል። ባሌን ያገኘሁት አሁን ነው። ይህንን ልትወስድብኝ ነው?»

«ፈተናውስ? ማስተማሩስ?»

እሷም አስባበት እንደነበር ፊቷ ላይ አየሁ። «እኔ አልከለከልኩትም» አለች። ቀጥላም «አንተን ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ። እሱን ግን ለእኔ ተውልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ እሺ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ስል የተሰማኝ እፎይታ ነው። እሷ ዝም በል ስትለኝ፣ ፍርሃቴን በጎ ሥራ አድርጋ ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኳት።

በበጋው ከቤታቸው ወጣሁ። ኋላም ጭነት መኪና ነዳሁ፣ አገባሁ፣ ማርታ ተወለደች። እነሱ ወደ አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ተዛወሩ። ጋሽ ታደሰ ከአንዱ መኪና ማቆሚያ ወደ ሌላው እየተቀያየሩ እስከ ጡረታቸው ቲኬት ቆረጡ። በዓል በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ። ክንዷ ላይ ቅባት ሲቀቡላት አያለሁ። ተዋደው ኖሩ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን በየበዓሉ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ያን ክዳን ብናየው ኖሮ» ይሉኝ ነበር። «ያቺ ውታፍ ለምን አልወጣችም? አዲስ ነበረች እኮ።» እኔም «ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው» እላቸዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር፣ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው አረፉ፤ እኔና እትዬ ብርሃኔ በየተራ አስታመምናቸው። ለቅሶው ባበቃ በማግስቱ፣ ሰው ሁሉ ተበታትኖ እኔና እትዬ ብርሃኔ ብቻችንን ቀረን። ወንበሮቹን እያጣጠፍኩ ነበር።

«ነግረኸው ነበር?» አለችኝ ከኋላዬ።

ዞርኩ። «የቱን?»

«ታውቀዋለህ። ሆስፒታል ብቻችሁን በነበራችሁ ጊዜ። ነግረኸዋል?»

«አልነገርኳቸውም» አልኩ። «አንቺ ተውልኝ ስላልሽኝ። ሲደክሙ ግን አንቺ የነገርሻቸው መስሎኝ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ደግሞ አንተ ነግረኸው ይሆናል እያልኩ ነበር የምጽናናው» አለች።

ያጣጠፍኩትን ወንበር መልሼ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

አሁን ሰማንያን ልትደፍን ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ፤ ስንሳሳም ጠባሳው ጉንጬን ይነካኛል። ለክንዷ ይቅር ልትለኝ መብቷ ነበር፤ ብላኛለች። ስለ እሳቸው ግን ይቅር የማለት ሥልጣን እሷም አልነበራት፤ እኔም ከእሷ መቀበል አልነበረብኝም። ይህንን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም ነበር። ሁለታችንም እውነቱን እያወቅን፣ ጋሽ ታደሰ መሐላችን ተቀምጠው ከሃያ ዓመት በላይ ያላጠፉትን ጥፋት ሲመረምሩ እያየን ቡና ጠጣን፤ ዳቦ ቆረስን።

በሥራ ቀን ሐኪም ጋ ወስጃት ቤቷ አድርሼ ስመለስ አንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ አልፋለሁ። አንዳንዴ የመውጫቸው ሰዓት ይሆንና መኪና ሁሉ ይቆማል። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየተጋፉ፣ እየሳቁ መንገዱን ይሻገራሉ። የኛም ልጆች አሉባቸው። ከመካከላቸው ወይም ከነሱ በፊት በዚህ በር ከወጡት መካከል የጋሽ ታደሰ ተማሪ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም። እነሱም አያውቁም። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ ቆሜ አያቸዋለሁ።